ቀንዱ የጥንት፣ ጭራው የአርጃኖ፦ የተዳቀለ እንስሳ ቅርጽ አሠራር

ከጣና ማዶ፣ ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ጭልጋ አለ። እዚያ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ እንስሳት አጥንት ተገኝቷል። ከእነዚያ አንዱ አርሲኖይቴሪየም ነው። ሲያዩት አውራሪስ ይመስላል፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከኋላቸው፣ ከዓይኑ በላይ፣ ጉጥ የሚያህሉ ሌላ ሁለት አሉት። በዝምድና ግን ከአውራሪስ ይልቅ ለዝሆን፣ ገደል ላይ ፀሐይ ለሚሞቀው ለእኛው ሽኮኮም ጭምር ይቀርባል። የዚህ እንስሳ ዘመድ ቀድሞ ግብፅ ውስጥ ፋዩም ላይ ተገኝቶ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ስም ወጥቶለታል። የጭልጋው ከዚያኛው ስለሚገዝፍ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የራሱ ስም ተሰጠው።

የጎጃሙ ጮቄ ተራራ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። እንግዲህ ያ እንስሳ ከጣና ማዶ ሲመላለስ ጮቄ ገና አልቆመም ነበር ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አርሲኖይቴሪየምን የሩቅ አገር አውሬ አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ባሕር ዳር ቤቴ ጓሮ ውስጥ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ብቻውን ሳይሆን ዛሬ ሐይቁ ዳር ከሚኖረው ከአርጃኖ ጋር አዳቅዬ። አሠራሩን እንዳለ ልንገራችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የተዳቀለ እንስሳ ሲባል ብዙ ሰው የአንዱን ጭንቅላት በሌላው አንገት ላይ ለጥፎ ያበቃል። እንዲህ ያለውን ቅርጽ ያየ ሰው ዓይኑ ቀጥ ብሎ መጋጠሚያው ላይ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ቅርጹ ነፍስ የሚዘራው ሁለቱ እንስሳት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከቀንዱም ከዓይኑም በላይ የምትደክሙት ለወገቡና ለጭራው ሥር ይሁን።

ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል። እጃችሁ የሚሠራው በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ነው፤ የቀረው ጊዜ መድረቂያ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ሥሩት። ክረምት ላይ የባሕር ዳር አየር እርጥበቱን ስለማይለቅ ወረቀቱ ሳይደርቅ ይሻግታል።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ

የፋዩሙ አርሲኖይቴሪየም ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ትከሻው ላይ ቁመቱ 1.75 ሜትር ያህል ነበር። እኛ በአምስት አካፍለን እንሠራዋለን፤ ከአፍንጫ እስከ ዳሌ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ትከሻው ላይ 35 ሳንቲ ሜትር። ጭራውን ከአርጃኖ ስለምንወስድ 45 ሳንቲ ሜትር ይጨመርበታል። የአርጃኖ ጭራ እንደ እንሽላሊት ድብልብል አይደለም፤ ዋናተኛ ስለሆነ ከግራና ከቀኝ ጠፍጣፋ ነው፤ በላዩም ላይ እንደ ቢላ ጀርባ የወጣ መስመር አለው። ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተኝቶ ስታገኙት ሳትቀርቡ ቆማችሁ እዩት። ወደ ውሃ ሲገባ ከዳሌው ጀምሮ እንዴት እንደሚወዛወዝ ካያችሁ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል።

የሲሚንቶ ወረቀት ዘርጉና እንስሳውን ከጎን በሙሉ ልኩ ሳሉት። ቆንጆ ሥዕል ይሁን አልልም፤ ልኩ ትክክል ይሁን። እግሮቹ እንደ ዝሆን ቀጥ ያሉ ምሰሶዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ እግር አምስት ጣት፣ በጣቶቹ ጫፍ ላይ ሰኮና መሳይ ጥፍር አለው። ከዚያ በሥዕሉ ላይ በከሰል አጥንቱን ሳሉበት፤ አከርካሪው ከየት ተነስቶ የት ይታጠፋል? ጭራው ከዳሌው ጋር የት ይገናኛል? ይህ ሥዕል እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የምትቆርጡትን ፌሮ ሁሉ በላዩ ላይ እያስቀመጣችሁ ትለካላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

አብዛኛው ከሰፈር የሚገኝ ነው። 80 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ከእንጨት ቤት (የዋንዛ ቁራጭ ካገኛችሁ አይጣመምም)፤ 3 ሜትር ባለ 6 ፌሮ፤ ፌሮ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ አንድ ኪሎ፤ የዶሮ ቤት ወንፊት ሽቦ አንድ ሜትር፤ አንድ ሸክም የደረቀ ደንገል፤ ቃጫ፤ ከወረቀት የተሠሩ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች አምስት ስድስት፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ሁለት ኪሎ፤ ፉርኖ ዱቄት፤ ጀሶ፤ ሰጋቱራ፤ አሮጌ ጆንያ፤ ያረጀ ከመነዳሪ፤ የእንቁላል ቅርፊት፤ ሁለት ብይ፤ ሁለት የበሬ ቀንድ፤ የፈረስ ጋማ ወይም ጭራ፤ ሰም። ከመሣሪያ ፒንሳ፣ መጋዝ፣ ሞረድ፣ ወስፌ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ጓንት ከተገኘ ይበቃል።

ስለ ቀንዱ አጥብቄ የምለው አለ። ከሥጋ ቤት ወይም ከቄራ፣ ተመርምሮ ከታረደ ከብት ብቻ ውሰዱ። ሜዳ ላይ ሞቶ ከተገኘ ወይም በምን እንደሞተ ካልታወቀ ከብት ቀንድም፣ ቆዳም፣ ፀጉርም አትንኩ። አባ ሰንጋ በእነዚህ ሁሉ ይተላለፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የዱር እንስሳ አካልም ለዚህ ሥራ አይፈለግም።

ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ በገደሉ ወገብ ላይ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ታያላችሁ። የጥንት ባሕር ወለል የነበረ ነው፤ የዛጎል ምልክት ያለበት ድንጋይ ይገኝበታል። ቅርጹ ላይ ቢለጠፍ ያምራል ብሎ ፈልፍሎ ማምጣት ግን አይገባም። የጥንት ሕይወት ቅሪት ሁሉ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ቦታው ላይ ካልቆየም ለአጥኚ የሚነግረው ነገር የለም። እዩት፣ ንድፉን ደብተር ላይ አንሱት፣ ትታችሁት ሂዱ።

አጽሙ

ፌሮውን በሦስት ቁረጡት፤ ሁለቱ 95 ሳንቲ ሜትር፣ አንዱ 90። ሁለቱን ረዣዥሞች እንደ በር መቃን እጠፏቸው፤ ላዩ 16 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ እግሮች እኩል። አንዱ የፊት እግሮች፣ ሌላው የኋላ እግሮች ይሆናሉ። ሳንቃውን በአራት ቦታ ብሱና እግሮቹን አሳልፉ፤ ከሳንቃው ሥር የቀረውን 6 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን አጥፋችሁ በታጠፈ ምስማር ምቱት። ከሥሩ ሁለት ጠርብ ምቱበት፤ አለዚያ ፌሮው ጠረጴዛውን ይቧጥጣል።

ሦስተኛው ፌሮ አከርካሪው ነው። በሁለቱ መቃኖች ላይ አጋድማችሁ በጥቁር ሽቦ እንደ ፌራዮ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከዳሌው በኋላ 30 ሳንቲ ሜትሩ ወደ ጭራው ይገባል፤ የቀረውን የጭራውን ጫፍ በድርብ ጥቁር ሽቦ ቀጥሉ። የጭራው ፌሮ ከዳሌው ወደ ታች ወርዶ ከዚያ ወደ ጎን ይታጠፍ። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የወጣ ጭራ የመጥረጊያ እጀታ ይመስላል። አሁን ሳንቃውን ይዛችሁ ነቅንቁት። አጽሙ ከተወዛወዘ ሰያፍ ፌሮ ወይም የቀርከሃ ስንጣቂ ጨምሩበት፤ እዚህ ላይ ያለፋችሁት መወዛወዝ ኋላ ወረቀቱ ላይ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል።

ሥጋው

ደንገሉ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በጥላ የደረቀ ይሁን፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ምድጃ በላይ ጭስ ውስጥ ይሰቀል። ጭስ የጠጣ ደንገል ነቀዝ አይደፍረውም።

ደንገል እንዴት እንደሚታጠፍ የተማርኩት ታንኳ ከሚሠሩ የነገደ ወይጦ አባት ነው። እኔ ግንዱን እየቀጠቀጥኩ ሳለዝብ አዩኝና «ተው ልጄ፤ የቀጠቀጥከው ይሰበራል። ውሃ አርከፍክፍበትና ጠብቀው፤ እሱ ራሱ ይታጠፍልሃል» አሉኝ። «ስንት ሰዓት ልጠብቀው አባባ?» ብላቸው አንዷን ዘንግ አንስተው ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብለው አጎበጧት። ደረቁ ሲጎብጥ ይንጫጫል፤ የለዘበው ድምፅ የለውም። እስከ ዛሬ ሰዓት አልቆጥርም፤ በጆሮዬ እሰማዋለሁ።

የእጅ አንጓ የሚያህሉ ስድስት እስሮች አዘጋጁ። ሁለቱን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ ሁለቱን ለጎድን፣ ሁለቱን ለሆድ አድርጋችሁ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ በቃጫ ጠፍሩ። ለእግሮቹ በየፌሮው ዙሪያ አጫጭር ደንገል አቁማችሁ አስሩ፤ ታች ሰፋ ይበል።

ለጭራው ወፍራም እስር ውሰዱና ከዳሌው ጀምራችሁ በፌሮው ላይ ጠፍሩ። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ ከመሃል አንዳንድ ዘንግ እየሳባችሁ ቁረጡ። ታንኳ አፍንጫው የሚሾለው እንዲሁ ነው፤ ከላይ ቢላጥ ውጩ ይሻክራል፣ ከመሃል ሲቀነስ ግን ራሱ ይሟሽሻል። ከዚያ በሁለት ሳንቃ ቁራጭ ከግራና ከቀኝ አጣብቃችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ጠዋት የዋናተኛ ጭራ ይሆናል።

አሁን ወደ ዳሌው። አርጃኖም ሆነ አዞ ጭራቸውን የሚያንቀሳቅሱበትና እግራቸውን ወደ ኋላ የሚስቡበት ትልቅ ጡንቻ ከጭራው ሥር ተነስቶ ጭኑ አጥንት ላይ ይያያዛል። አጥቢ እንስሳት ላይ ይህ ጡንቻ ቀጭን ነው። እናንተ ለአጥቢው ገላ የአርጃኖ ጭራ ስትሰጡት ያንን ጡንቻም መስጠት አለባችሁ። በሁለቱም ጎን ጣት የሚያህል የደንገል እስር ከጭራው ታችኛ ጎን ተነስቶ ወደ ጭኑ ኋላ እንዲወርድ አድርጋችሁ ስፉት። ሳትሰፉት በፊትና ከሰፋችሁት በኋላ ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ተመልከቱት። ቀድሞ ጭራው የተተከለ ይመስል ነበር፤ አሁን ከገላው የበቀለ ነው።

በመጨረሻ መላውን በወንፊት ሽቦ አልብሱ። ጓንት አድርጉ። ሽቦው የደንገሉን ቅርጽ ይከተል እንጂ ድንኳን አይሁን፤ በጣት እየተጫናችሁ በጥቁር ሽቦ ስፉት።

ወረቀቱ

የሲሚንቶ ወረቀት የምመርጠው ጭረቱ ረዥምና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ጋዜጣ በአጠገቡ ልፍስፍስ ነው። ከረጢቱን ውጭ አራግፉ፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡት። የሲሚንቶ ብናኝ ሳንባም ቆዳም ይጎዳል። ወረቀቱን በእጅ ቅደዱት እንጂ በመቀስ አትቁረጡ፤ የተቀደደ ጠርዝ ሳስቶ ስለሚያልቅ አይታይም።

ሙጫው እንዲህ ነው፦ 1 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በ1 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እያማሰላችሁ 4 ኩባያ የፈላ ውሃ ላይ ጨምሩ። እንደ አጥሚት ሲወፍር አውርዱት፤ ሲበርድ ግማሽ ኩባያ ኮላና አንድ ማንኪያ በረኪና ጣሉበት፤ በረኪናው እንዳይሻግት ነው። ወረቀቱን ነክራችሁ፣ በሁለት ጣት ጠርጋችሁ ለጥፉ፤ አንዱ ንብርብር ወደ ጎን ከሆነ ቀጣዩ ወደ ታች ይሁን። አራት ንብርብር ይበቃል። በየንብርብሩ መካከል ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ በጥላ፣ ነፋስ ባለበት። ፀሐይ ላይ ያስቀመጣችሁት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ሲሸማቀቅ ይሰነጠቃል።

ከአራተኛው ንብርብር በኋላ ለጡንቻ፣ ለጉንጭ፣ ለትከሻ የሚሆነውን ሊጥ ትሠራላችሁ። የተረፈውን ወረቀት ቀቅላችሁ በሙቀጫ ውቀጡ፤ በጨርቅ እስኪደርቅ ጨምቁ። 4 ኩባያ የተጨመቀ ወረቀት፣ 1 ኩባያ ኮላ፣ ግማሽ ኩባያ የተነፋ ሰጋቱራ አሽታችሁ አስቀምጡ። ጀሶውን በመጨረሻ፣ ለሩብ ሰዓት ሥራ በሚበቃው ላይ ብቻ ጨምሩ፤ ለአንድ ጭብጥ ሊጥ አንድ ማንኪያ። ሁሉንም አንድ ላይ ካቦካችሁት እጃችሁ ላይ ይደርቃል። ሊጡን ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ አታወፍሩት፤ ወፍራም ካስፈለገ በሁለት ቀን ሥሩት።

ቀንዶቹ

የመጀመሪያውን እንስሳዬን ስሠራ ሁለት የበሬ ቀንድ እንዳለ፣ ውስጡን ሸክላ ሞልቼ አፍንጫው ላይ ተከልኩበት። ሲያዩት ያስደነግጥ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት አንገቱ መውረድ ጀመረ፤ ጠዋት ሳየው አፍንጫው ሳንቃው ላይ ተደፍቷል፤ ከትከሻው ኋላም ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አፈረስኩት። ኋላ ስለ እውነተኛው እንስሳ ሳነብ የቀንዶቹ አጥንት ውስጡ ባዶ እንደነበር ተረዳሁ። ከገላው ርቆ የተሰቀለ ነገር መቅለል እንዳለበት ተፈጥሮ ከእኔ ቀድማ አውቃዋለች።

ስለዚህ እንዲህ ሥሩ። ከሲሚንቶ ወረቀት 14 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ሾጣጣ ቀንዶች በሙጫ እየጠቀለላችሁ አዘጋጁ፤ ውስጣቸው ባዶ ይሁን። ሥራቸው ሰፊ ነው፤ ሁለቱ መሃል ላይ ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም፤ ወደ ፊትና ወደ ላይ ያዘነብላሉ፤ ጫፋቸው ትንሽ ይለያያል። በወስፌ በስታችሁ በጥቁር ሽቦ ከጭንቅላቱ ወንፊት ጋር ስፏቸው፤ ሥራቸውን በሊጥ ሙሉት።

ከዚያ ልብሳቸው። የበሬውን ቀንድ ለሁለት ሦስት ሳምንት ውሃ ውስጥ ከነከራችሁት የውስጡ አጥንት ራሱ ይወጣል፤ ሽታው ከባድ ስለሆነ ከቤት ራቅ አድርጉት፤ ሥራውን ስትጀምሩ ንከሩት፣ እስክትደርሱበት ይደርሳል። የቀንዱን ሰፊና ስስ አፍ በመጋዝ ቀለበት ቀለበት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አንዱን ጎን ሰንጥቁ፤ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ቀቅሉት። ትኩስ ቀንድ እንደ ወፍራም ቆዳ ይተጣጠፋል። በሁለት ሳንቃ መሃል ድንጋይ ጭናችሁበት ሲበርድ ዝርግ ሆኖ ይቀራል። አሁን የምላስ ቅርጽ ባላቸው ጠባብ ቁራጮች ቁረጡት፤ እንደገና ትኩስ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በወረቀቱ ቀንድ ላይ ከታች ወደ ላይ አነባብራችሁ በቃጫ ጠምጥማችሁ እሰሩ። ሲበርድ ፈትታችሁ በኮላ ለጥፉ። ስትሞርዱት ብናኙን እንዳትስቡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መጋጠሚያው እስኪጠፋ በሞረድ፣ ከዚያ በሻካራ፣ ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት፤ መጨረሻ ላይ በሞቀ ጨርቅ ሰም ቀቡት። ከቁራጩ የተረፈው ሃያ ጥፍር ይወጣዋል፤ ለየእግሩ አምስት።

ቆዳውና መጋጠሚያው

ጆንያውን በቁራጭ ቁራጭ ሙጫ አጠጡና ትከሻ፣ አንገት፣ ሆድና እግር ላይ አልብሱ። ሳይደርቅ በጣት እየገፋችሁ ሽብሽብ አውጡለት። ሽብሽቡ የሚወጣው ቆዳ በሚታጠፍበት ቦታ፣ መታጠፊያውን አቋርጦ ነው፤ ጉልበት ላይ በአግድም፣ ብብት ላይ እንደ ማራገቢያ። የትም የተበተነ ሽብሽብ ጨርቅ እንጂ ቆዳ አይመስልም። የጆንያው ቀዳዳ በጣም ከታየ በቀጭን ሊጥ እሹት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትድፈኑት፤ ያ ሻካራነት ለዝሆን ዘመድ ይስማማዋል።

ቅርፊቱ ሁለት ዓይነት ነው። ለጭራው ላይኛ መስመር ከመነዳሪውን በትንንሽ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ፤ ዳሌው ላይ የጥፍር ያህል፣ ወደ ጫፉ እያነሱ። ለጎኑ የታጠበና የውስጥ ስስ ልባሱ የተላጠ የእንቁላል ቅርፊት። ኮላ ቀብታችሁ ቅርፊቱን በጣት ጫኑት፤ ቀጭ ብሎ ይሰነጣጠቅና ራሱ ደቃቅ ቅርፊት ይሆናል፤ በእጅ ልሥራ ብትሉ ወር የሚፈጅ ነገር ነው። ምስር ወይም ጤፍ የሚለጥፉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። በዓመቱ ነቀዝ ይገባበታል፤ አይጥም ትወደዋለች።

አሁን ዋናው ነገር። ጆንያው ዳሌው ላይ ቆሞ፣ ቅርፊቱ ከዚያ ቢጀምር መስመር ይሠራል፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ይፈርሳል። ሁለቱ ቆዳዎች እንደ ሁለት እጅ ጣቶች መጠላለፍ አለባቸው። የከመነዳሪውን መስመር ከትከሻው መሃል ጀምሩት፤ እዚያ የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ሦስት አራት፣ እየራቀ፣ ጀርባው ላይ እያደገ፣ ዳሌው ላይ ሙሉ መጠኑን ይያዝ። ጆንያው ደግሞ በታችኛው ጎን ዳሌውን አልፎ እስከ ጭራው ሢሶ ይሂድ፤ ሽብሽቡ እየሳሳ ይለቅ። የእንቁላሉን ቅርፊት በሽብሽቦቹ መሃል እንደ ደሴት ጣል ጣል አድርጉ፤ መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ተያይዘው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ከትከሻ እስከ ጭራ ዳብሱት። መዳፋችሁ «እዚህ ተቀየረ» የሚልበት ነጥብ ካለ እዚያ ተመለሱ። እኔ ለዚህ ቦታ ብቻ አራት ቀን እሰጠዋለሁ።

ዓይን

ብዩን ከጀርባው ግማሹን በጥቁር ቡናማ ቀለም ቀቡና በጠበበ ጉድጓድ ውስጥ ትከሉት። የበሬን ዓይን ቀርባችሁ ብታዩ ጥቁሩ ወደ ጎን የተኛ ነው፤ ሣር የሚግጡ ብዙ እንስሳት እንዲሁ ናቸው። ለዚህ እንስሳም ያንን ሰጥቼዋለሁ። የዓይኑን ቆብ ከደቃቅ ሊጥ እንደ ቀጭን ክር አድርጋችሁ ሥሩ፤ የላይኛው ከታችኛው ይወፍር፣ የብዩንም ላይኛ ሩብ ይሸፍን። ሙሉ ክብ የሚታይ ዓይን የደነገጠ ያስመስለዋል። አፉን ዝጉት፤ ጥርሱን አታሳዩ። ሣር በል እንስሳ ነው፤ ግርማው ከዝምታው ነው።

ጋማ

እዚህ ላይ የአዊን ፈረሶች አስባለሁ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ጋማቸው ተበጥሮ፣ አጊጠው ሲሰለፉ ያየ ሰው ለምን ጋማ እንደጨመርኩ ይገባዋል። ፈረሰኛ ወዳጅ ካላችሁ ሲያበጥር የወደቀውን ለምኑት። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዘለላ እያደረጋችሁ ሥሩን በክር ቋጥሩ፤ በወስፌ አንገቱ ላይ በሁለት ረድፍ እየበሳችሁ ኮላ ነክራችሁ ሰኩ። ትከሻው ላይ ቅርፊቱ ሲጀምር ጋማው ይጠር፤ የመጨረሻዎቹ ዘለላዎች በመጀመሪያዎቹ ቅርፊቶች መሃል ይቁሙ።

ቀለም

የገዛ አፈራችን ይበቃል። ቀይ አፈር፣ ነጭ አፈር፣ የከሰል ዱቄት፤ እያንዳንዱን በውሃ በጥብጣችሁ ጠጠሩ ሲዘቅጥ ላዩን ቅዱ፤ በነጠላ ቁራጭ አጥልሉ፤ የዘቀጠውን ደቃቅ አድርቁት። አንድ እጅ ኮላ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ በእሱ በጥብጡት። መጀመሪያ መላውን በጥቁር ቡናማ ቀጭን ቀለም አልብሱና ሳይደርቅ ላዩን በጨርቅ ጥረጉ፤ ጥቁሩ ሽብሽብ ውስጥ ይቀራል። ሲደርቅ ብሩሹን ደረቅ አድርጋችሁ በነጣ ያለ ቀይ አፈር ከላይ ከላዩ ብቻ ንኩ።

አርጃኖ ጥቁር ግራጫ ገላው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ቢጫ ነጠብጣቦች፣ ጭራው ላይም ቢጫ ቀለበቶች አሉት። ለቢጫው ትንሽ ፕላስቲክ ቀለም ግዙ። ቀለበቶቹ ጭራው ላይ ይጉሉ፤ ዳሌው ላይ ወደ ነጠብጣብ ይሰበሩ፤ ጎድን ላይ የደበዘዘ ጥላ ብቻ ይቅር። ቀለሙም እንደ ቆዳው ይጠላለፍ ማለቴ ነው።

ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ፣ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ፣ ቀጭን ቫርኒሽ አንድ ጊዜ ብቻ ቀቡት፤ ቀንዱንና ጥፍሩን ተውት፣ ሰሙ ይበቃቸዋል። ከዚያ በላይ ከተቀባ ያብለጨልጭና የገበያ አሻንጉሊት ይሆናል።

ማስቀመጫው ከመስኮት የራቀ፣ ከወለል ከፍ ያለ ቦታ ይሁን፤ ምስጥ በሳንቃው በኩል ነው የሚመጣው። ክረምት ሲገባ ሆዱን በጣት ጫን ብላችሁ ፈትሹት፤ ከለሰለሰ እርጥበት ገብቶበታልና ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርስበት ክፍል ሁለት ሦስት ቀን ይቁም። ጋማውን በዓመት አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ወደ ታች ጥረጉት፤ ቀንዶቹን ደግሞ ሰም ቀቧቸው።